አጎቴ የሰፋው ፋሻ

አጎቴ ሠላሳ አራት ዓመት ልብስ ሰፍቷል። ቀኝ እግሩ አውራ ጣት ላይ ቁስል ሲወጣበት "ጫማ ነው የላጠኝ" ብሎ ናቀው። ስኳር ከያዘው ቆይቷል፤ እግሩ ሁልጊዜ ይቀዘቅዛል፤ ከቤቱ ሱቁ ድረስ ሲሄድም ባቱን እየጨመደደው ሁለት ሦስት ቦታ ይቆማል። ሰው እንዳይታዘበው የሱቅ መስኮት የሚያይ ይመስል ነበር። ቁስሉ አምስት ወር ሲሞላው ሐኪም ዘንድ ሄደ።

ሐኪሙ የእግሩ ደም ሥር እንደጠበበ ነገረው። በብሽሽቱ በኩል ቀጭን ሽቦ አስገብቶ መክፈት ይቻላል፤ ካልሆነ እግሩ ከጉልበቱ በታች ይቆረጣል። አጎቴ ሁለቱንም አልወደደም።

"ጣቴን ቢያመኝ ብሽሽቴ ምን አጠፋ?" አለ። ቁስሉን ብቻ እያሳጠበ በየሁለት ቀኑ ክሊኒክ ይመላለስ ጀመር።

የምታጥብለት ሲስተር ፋሻውን ላላ አድርጋ ትጠመጥማለች። እሱ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ የላላ ስፌት እየፈታ የኖረ ሰው ነው። አንድ ሐሙስ ቤቱ ቁጭ ብሎ ፋሻውን ፈታና አጥብቆ ጠመጠመው፤ ጫፉንም በነጭ ክር ሰፋው። ሚስቱ "እግር ነው ትራስ?" ብትለው ክሩን በጥርሱ በጠሰ።

ቅዳሜ ሲስተሯ መቀሷን እንደያዘች ቆመች።

"ይሄን ማነው የሰፋው?"

"እኔ ነኝ። የእናንተ ይላላል።"

"አባባ፣ ስፌቱስ ግሩም ነው። እግር ላይ መሆኑ ነው ችግሩ።"

ፋሻው ሲፈታ ትንሿ ጣት ጠቁራለች። እሱ ምንም አልተሰማውም ነበር። ሲስተሯ የደም ድምፅ የምታሰማዋን ትንሽ መሣሪያ ግራ እግሩ ላይ አስቀመጠች፤ መሣሪያዋም ሹ፣ ሹ አለች። ቀኙ ላይ ስታስቀምጣት ጣቢያ እንዳጣ ሬዲዮ ሆነች።

"ምነው ደሙ ዝም አለ?"

"መንገዱ ተዘግቶበት ነዋ። ድሮም የሚደርሰው ጥቂት ነበር፤ እርስዎ ያንኑ አነቁት። እኔ ባጥብ ባጥብ ምን ዋጋ አለው? ቁስል የሚድነው በደም ነው።"

አጎቴ ጎንበስ ብሎ እግሩን አየ። "ክር ከልክ በላይ ሲወጠር ጨርቅ ይሸበሸባል" አለ። "ይሄን ለስንቱ አስተምሬያለሁ።"

ሰኞ ሐኪሙ ዘንድ ሄዶ እሺ አለ። ሽቦው ገባ፣ ደም ሥሩ ተከፈተ። ትንሿ ጣት አልተመለሰችም፤ ተቆረጠች። በማግሥቱ ሚስቱ እጇን በብርድ ልብሱ ሥር ሰዳ እግሩን ዳበሰችና "ሞቋል" አለች። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አውራ ጣቱ ላይ ያለው ቁስል ለመዝጋት አራት ወር ፈጀ። የገረጣው ጠርዝ መጀመሪያ ቀላ፤ ከዚያ ከዳር ወደ መሐል እየጠበበ ሄደ። ሲስተሯ "ከእንግዲህ አይምጡ፤ እግርዎን ግን በየቀኑ ይዩት" ብላ አሰናበተችው። በሦስተኛው ቀን ክሊኒኩ በር ላይ ባለው አግዳሚ ተቀምጦ፣ ካልሲውን አውልቆ አገኘችው።

"አባባ፣ ደግሞ ምን ሆነ?"

"ምንም አልሆነም። እሱኑ ላሳይሽ ብዬ ነው።"