የሰው ስልክ ተሸክሜ ስሮጥ

የዳሞታን ተራራ ሮጬ የወጣሁት እኔ ነኝ። የክለቡን ቦታ ያገኘው ሌላ ሰው ነው። እኔ ያገኘሁት ሌባ የሚል ስም ነው። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላው ዝርዝር ነው።

ዝርዝሩን አልናገርም ብዬ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ዘንድሮ በጥር አጋማሽ ግን ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ሱቅ ስል ትልቅ እንዳይመስላችሁ። ሶዶ መናኸሪያ አካባቢ ሰልባጅ ጫማ እሸጣለሁ፣ በብዛት የስፖርት።

«ጋሽ አንጁሎ፣ ቢኒያም ነኝ። አስታወሱኝ?»

ድሮ አንተ ነበር የሚለኝ። አክብሮቱን ስሰማ የሚፈልገው ነገር እንዳለ ገባኝ። ለሯጮች ቡድኖች አዲስ የስልክ መተግበሪያ እየሠራ ነው አለኝ። ከመጀመሩ በፊት የሚሮጡ ሰዎችን ማነጋገር ይፈልጋል፤ መጀመሪያ ያሰበው ደግሞ እኔን ነው። አስብበታለሁ ብዬ ዘጋሁት። የዚያን ቀን ለአንድ ደንበኛ ሁለት የግራ ጫማ ጠቅልዬ ሰጥቼው ተሳድቦ መለሰልኝ። አልተቀየምኩትም።

ያኔ ሃያዎቹን የጀመርኩ ወጣት ነበርኩ። ከሁምቦ ቆላ ወጥቼ ሶዶ ገበያ ጋሪ እገፋ ነበር። ፊደል አላውቅም። ስሜን እንኳ የምለየው ሰው ሲጠራኝ ነው። እግር ግን ነበረኝ። ከተማው ገና ሳይነቃ ወደ ዳሞታ ከሚሮጡ ልጆች ጋር እሮጥ ነበር። ከጥቅምት በኋላ ያለውን የተራራውን ጠዋት የማያውቅ ሰው ያሳዝነኛል። ታች እንሰቱ ላይ ጤዛ አለ፤ መሃል ላይ ባሕር ዛፉ አፍንጫ ይከፍታል፤ ላይ ስትደርስ ገብሱ መሃል ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ስንመለስ መንገዳችን ላይ አንዲት ሴትዮ የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ ይሸጡልን ነበር። ዳጣው እንባ ያስመጣል። ከዚያ በኋላ የበላሁት ምግብ ሁሉ ጨው የጎደለው ይመስለኛል።

ቡድናችን አንድ ልማድ ነበረው። ዳገቱ ሥር ስንደርስ ሁሉም ዕቃውን አንድ ከረጢት ውስጥ ይከታል። ሹራብ፣ ቁልፍ፣ መታወቂያ፣ ስልክ፣ ያለውን ሁሉ። ከረጢቱ ከማዳበሪያ ጆንያ የተሰፋ ነው፤ ጀርባ ላይ ይታሰራል። የሚሸከመው ከሁሉም የበረታው ነው፤ እሱም እኔ ነበርኩ። የደከመ ከመንገድ ይመለሳል፤ ከረጢቱ ግን ጫፍ ይወጣል። ዕቃው እዚያ ያለ ሰው ደግሞ ትቶ ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ሁሉም እስኪወርድ ታች ይጠብቃል። ቡድኑን ቡድን ያደረገው ያ ከረጢት ነበር ብል አልዋሸሁም። ተሸከም የተባለ ሰው እምቢ አይልም። እምቢ ካለ ከኛ ጋር አይሮጥም።

ቢኒያም የሶዶ ልጅ ነው፣ የነጋዴ ልጅ። ያኔ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ላይ ነበር። ለመመረቂያው የሯጮች መተግበሪያ እሠራለሁ ብሎ መጣ። አንድ አዳራሽ ሰበሰበን፣ ለስላሳና ብስኩት ሰጠን፣ ጠየቀን። በሳምንት ስንት ቀን ትሮጣላችሁ? ስለ ራሳችሁ ምን ማወቅ ትፈልጋላችሁ? መለስንለት። ስለ ከረጢቱ የነገረው የለም። ሰው ሱሪ እለብሳለሁ ብሎ ይናገራል? እሱም አንድ ቀን እንኳ ዳገቱ ሥር መጥቶ አላየንም።

መተግበሪያው ሲመጣ ነገሩ ቀላል ነበር። ሯጩ ስልኩን ይከፍታል፣ አረንጓዴውን ይጫናል፣ ይሮጣል። ስልኩ የሄደበትን መንገድ ይመዘግባል። አሰልጣኛችን ጋሼ ማርቆስ ስታዲየም ተቀምጠው በስልካቸው ያዩታል። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ተራራ መውጣት ትተው ነበርና ደስታቸው ልክ አልነበረውም። የኛ ልጆችም ዳገቱ ሥር ሲደርሱ አረንጓዴውን ይጫኑና እንደ ልማዳቸው ስልኩን ከረጢቱ ውስጥ ይጥሉታል። የኔ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፤ ከመደወል ሌላ አያውቅም።

መጀመሪያ ላይ ሳቅንበት። እዮብ የሚባል ልጅ ነበር፣ መልከ መልካም፣ አፉ የማያርፍ። ቁርጭምጭሚቱን አሞት ስለነበር ብዙውን ቀን ከመሃል ይመለሳል። አንዳንዴ ጭራሽ አይሮጥም፤ ስልኩን ብቻ ያመጣል።

«ኢሻ፣ ዛሬ ቀስ ብለህ ሩጥላት» ይለኛል ስልኩን እየሰጠኝ፤ ኢሻ በወላይትኛ ወንድሜ ማለት ነው። «ትናንት በጣም ደክማ ነው የገባችው።»

«ውሃ አጠጥቻት ነበር» እለዋለሁ። ሁላችንም እንስቃለን። ከሁሉም ስልክ ደግሞ ባትሪው የሚቆየውና ጫፍ ድረስ የሚመዘግበው የእሱ ነበር።

ሳቁ ያበቃው ጋሼ ማርቆስ ስታዲየም ሰብስበውን ከሀዋሳ አንድ ክለብ ልጅ እንደሚፈልግ የነገሩን ቀን ነው። አንድ ልጅ ብቻ። መኝታ አለ፣ ምግብ አለ፣ ጫማ አለ፣ ደመወዝ አለ። ሰውነቴ ሁሉ ጆሮ ሆነ። ጋሪ መግፋት የሚያበቃበት በር ለእኔ ያ ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ ቢያንስ ማንበብ ይችላሉ።

«በመዝገቡ መሠረት እዮብ ይመራል» አሉ ጋሼ ስልካቸውን እያዩ። «ቅዳሜ የመጨረሻው ሩጫ ነው። ከዚያ ስም እልካለሁ።»

«ጋሼ፣ የእኔስ?»

«አንተ እዚህ ውስጥ የለህም።»

«በየቀኑ ጫፍ እወጣለሁ እኮ። ያዩኛል።»

«ስትነሳና ስትመለስ አይሃለሁ። በመሃል የት እንደነበርክ የሚያየው ይሄ ነው።» ስልኩን ከፍ አደረጉ።

«በመሃል የእነሱን ስልክ ተሸክሜ ነው የምሮጠው። ይጠይቋቸው።»

ጠየቋቸው። እያንዳንዱ ጫማውን ያያል። እያንዳንዱ «ቦታው ለእኔ ይሆን ይሆናል» ብሎ ያስባል። በመጨረሻ እዮብ ተናገረ።

«ሹራብ ይይዝልናል፣ ጋሼ። እግዜር ይስጠው። ስልክ ግን ኪሳችን ውስጥ ነው።»

አንድም ሰው ውሸት ነው አላለም። ወደ ቢኒያም ሄድኩ። ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሮ፣ ያለ ስማርት ስልክ ሰው የሚመዘገብበት ቦታ አልሠራሁም፣ ከፈተናዬ በኋላ አስተካክላለሁ አለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራውን ለመምህራኑ ያቀርባል። የኔን ነገር እየሰማኝ አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ዳገቱ ሥር ደረስን። ምን እንደሚያደርጉ ለማየት ከረጢቱን ከፍቼ ያዝኩ። አንድ በአንድ አረንጓዴውን ተጫኑ። አንድ በአንድ ስልካቸውን ከረጢቱ ውስጥ ከተቱ፤ ዓይኔን ሳያዩ። እዮብ ብቻ አየኝ።

«ጠንከር በል» አለኝ። «ዛሬ የሀዋሳ ቀን ነው።»

ከረጢቱን አሰርኩና ሮጥኩ። እንደ ሁልጊዜው ቀደምኳቸው፤ ባሕር ዛፉ ሸፈነኝ። እዚያ ቆምኩ። እንዲህ ብዬ አሰብኩ፦ ስልኩ ኪሳቸው ውስጥ ከሆነ፣ ስልኩ በሄደበት ሁሉ እነሱም አሉ ማለት ነው። እንግዲያውስ ጋሼ ይዩአቸው። በሌላኛው የእግር መንገድ ወደ ከተማ ወረድኩ፤ መናኸሪያ ገብቼ ወደ ሁምቦዋ ከተማ ወደ ተበላ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀመጥኩ።

የሁምቦ መንገድ ቁልቁል ነው፤ አየሩ እየሞቀ ይመጣል። እኔን ግን ብርድ ይዞኝ ነበር። ከከተማ ብዙ ሳንርቅ ከረጢቱ መጮኽ ጀመረ። አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀጥላል። ከየት ስልክ ተበድረው እንደሚደውሉ እንጃ። አጠገቤ ዶሮ የታቀፉ እናት ተቀምጠው ነበር።

«ልጄ፣ ከረጢትህ እያለቀሰ ነው» አሉኝ። «አንሳው እንጂ።»

ማንሳት አላውቅም። ስክሪኑን እንዴት እንደሚነኩት ያሳየኝ ሰው አልነበረም። ረዳቱ ዞሮ አየኝ።

«ፍሬንድ፣ የስልክ ቤት ነው እንዴ የያዝከው?»

ከኋላ የሳቀ ነበረ። ቀጥሎ ሳቁ ቆመ፤ ሹክሹክታ መጣ። ተበላ የገበያ ቀን ነው። ገበያ መሃል ሌባ የተባለ ሰው ምን እንደሚሆን አይቻለሁ፤ ከወደቀበት ተነስቶ ሲሄድ ግን አላየሁም። ደርሰን ሰው ሲወርድ እኔ ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም። ስመለስም በዚሁ መኪና ነው ብዬ ለረዳቱ ሂሳብ ሰጠሁት። ተቀበለኝ፤ ዓይኑን ግን ከእኔ ላይ አላነሳም። ከረጢቱን ጉልበቴ ላይ አቅፌ፣ ሰው ሁሉ በመስኮት እያየኝ፣ መኪናው እስኪሞላ ጠበቅኩ። ከዚያ የረዘመ ነገር በሕይወቴ አላውቅም።

ሶዶ መናኸሪያ ስንደርስ ሁሉም፣ ጋሼና ቢኒያምም ጭምር፣ እዚያ ነበሩ፤ ጠዋት ስሳፈር ያየኝ ሰው ነግሯቸው ኖሯል። ፖሊስም ነበረ። ከረጢቱን አዝዬ ስወርድ እዮብ ከጀርባዬ ሲጎትተው ማሰሪያው አንገቴን ላጠው።

«ሌባ ነው!» አለ። «አምነነው!»

«ጋሼ፣ ስልክዎን ይክፈቱ» አልኩ። «ዛሬ የት እንደሮጡ ይዩ።»

ከፈቱ። ትንሽ አዩና ለቢኒያም ሰጡት። የቡድኑ ስም በሙሉ ተበላ ደርሶ ተመልሷል፣ በመኪና ፍጥነት። ቢኒያም ስክሪኑን አየ፣ ከረጢቱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። እንደገባው ፊቱ ላይ አነበብኩ፤ ያኔ ማንበብ የምችለው እሱን ብቻ ነበር።

«ንገራቸው» አልኩት።

ከሰዓት በኋላ መምህራኑ ይጠብቁታል።

«ሲስተሙ ዛሬ ብልሽት አጋጥሞታል» አለ።

በቃ። ስልኮቹ ተቆጥረው አንድም አልጎደለም፤ ቢሆንም እስከ ሰኞ ድረስ አሰሩኝ። ስወጣ እዮብ ሀዋሳ ሄዷል። ቡድኑ ዳግመኛ እንዳትመጣ አለኝ። ለምን ያን ጠዋት እምቢ ብለህ ከረጢቱን አልጣልክም የሚለኝ ሰው አለ። ብጥለው ሰነፍ ይሉኝ ነበር። ተሸክሜ ብሄድ ሌባ አሉኝ። የቱ ይሻል እንደነበር ዛሬም አላውቅም።

ከዓመታት በኋላ ማታ ትምህርት ገባሁ። በሠላሳ ዓመት ዕድሜ ሀሁ ማለት ጥርስ ያስነክሳል፤ የተማርኩት ግን በፍቅር አይደለም። ዳግመኛ ሰው ስልክ ከፍቶ የለህም እንዳይለኝ ነው። እዮብ ሀዋሳ ብዙ አልቆየም፤ ቁርጭምጭሚቱ አላስሮጠውም። ተመልሶ ባጃጅ ይነዳል። ሱቄ ደጃፍ ሲያልፍ ጥሩንባ አይነፋም። እኔም አልጠራውም።

ለቢኒያም መልሼ ደወልኩ። ማነጋገር ከፈለግህ መጀመሪያ ስታዲየም መጥተህ፣ የቀሩትን ልጆችና ጋሼን ሰብስበህ፣ ያን ቀን ያየኸውን ትናገራለህ አልኩት።

«አሁን ድርጅት አለኝ፣ ጋሽ አንጁሎ። ስሜ ይጎዳል።»

«የኔም ተጎድቶ ነበር፤ አልሞትኩም።»

መጣ። ቀኑ የካቲት አሥራ ስምንት ነበር። ጋሼ ማርቆስ በምርኩዝ መጡ። እዮብ መጨረሻ ላይ ባጃጁን ደጅ አቁሞ ገባ። ቢኒያም ቆሞ ተናገረ፤ አላሳመረውም፣ አላሳጠረውም። ያን ጊዜ እንደገባው፣ አውቆ ብልሽት እንዳለ ተናገረ። ጋሼ ወደ እዮብ ዞሩ።

«ስልክህ የት ነበር?»

«እሱ ጋ» አለ እዮብ መሬት እያየ። «ሁሌም እሱ ጋ ነበር።»

ጋሼ ምን እናድርግልህ አሉኝ። ምን ያደርጉልኛል? ያ እግር የለም። ቦታውም በዚያው ዓመት ተበልቷል። ይቅር በለን አሉ፤ ሰምቻለሁ አልኩ። ይቅርታ ማለትና ሰምቻለሁ ማለት አንድ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ስንወጣ ቢኒያም ተከተለኝ። አዲሱ ላይ ምን ብሠራ ይሻላል ሲለኝ እንጃ አልኩት፤ ጫማ ሻጭ ነኝ። ሰው እንደ እኔ ያለ ነገር ሲያልቅለት ቀለል ይለዋል ይባላል። እኔን ደከመኝ እንጂ አልቀለለኝም። ጎረቤቴ ግን ሱቁን ለደቂቃ አደራ ሲለኝ፣ ድሮ ሰምቶ ይሆን እያልኩ ፊቱን ማጥናት ትቻለሁ።

ሌባነቴ ያበቃው ዘንድሮ የካቲት አሥራ ስምንት ቀን ነው።