የፍየሎቹ ሐምራዊ አፍ

ባለፈው ሳምንት የቤታችንን የውሃ ማጣሪያ ሊቀይር የመጣው ባለሙያ አሮጌውን ሲከፍተው ጥቁር ከሰል ጠረጴዛው ላይ ተበተነ። «ቆሻሻውን የሚይዘው ይሄ ነው፣ እትዬ» ሲለኝ ሳቄ አመለጠኝ። የሥራ ሕይወቴን የጀመርኩባት ነገሌ ከተማ ትዝ ብላኝ ነው።

ያኔ ገና ከኮሌጅ ወጥቼ በአንድ ትንሽ የግል ክሊኒክ ፋርማሲስት ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። በጋው ከርሮ፣ ከሊበን የሚመጣ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ቀይ አቧራ ሻያችን ላይ ይሰፍር ነበር። አንድ ጠዋት የፍየል ወተት ሸጠው የሚያድሩት ጎረቤታችን ወይዘሮ፣ አደ ዳኪ፣ አንዲት ፍየል እየጎተቱ መጡ።

«አካም፣ ናጋ?» አልኳቸው፣ ሰላም ነው ወይ ለማለት።

«ምን ናጋ አለ! አፏን እይው!»

የፍየሏ አፍ ሐምራዊ ሆኗል። ለካስ የሐምራዊውን የቁስል መድኃኒት ዕቃ ያጠብንበት ውሃ በክሊኒኩ ቦይ ሲወርድ ፍየሎቹ ይጠጡታል። ወተታቸውን የሚገዛ ጠፋ። እኔን ያስደነገጠኝ ግን በዚያው ውሃ አብሮ የሚወርደው፣ ቀለም የሌለው፣ ማንም የማያየው ሌላው መድኃኒት ነው።

ከሰል በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ መድኃኒት ይዞ እንደሚያስቀር ተምሬ ነበር። ከላብራቶሪ ባልደረባዬ ከከድር ጋር በርሜል በስተን ጠጠር፣ አሸዋና የተወቀጠ የግራር ከሰል ደረደርንበት። መጀመሪያ የወጣው ውሃ ጥላሸት ይመስል ነበር።

«አሁን ደግሞ ልታጠቁሯቸው ነው?» አሉ አደ ዳኪ እየሳቁ።

ከሰሉን አድቅቀን፣ ደጋግመን አጥበን መለስነው። ሐምራዊውን ውሃ ስናፈስበት ከታች ጥርት ያለ ውሃ ይንጠባጠብ ጀመር። ከድር እስክስታ መታ።

«እንግዲያ ጠጪው» አሉኝ አደ ዳኪ።

«አልጠጣም፣ እማማ። ቀለሙ ጠፋ ማለት መድኃኒቱ ሁሉ ጠፋ ማለት አይደለም። ፍየሎቹም እንዳይቀምሱት።»

አተኩረው አዩኝ። የተጣራውን ውሃ ወደ ዝግ ጉድጓድ መራነው፤ ቦዩንም በእሾህ አጠርነው።

ከሳምንታት በኋላ የፍየሎቹ አፍ ቢጠራም ገበያተኛው አልተመለሰም። አደ ዳኪ እጄን ይዘው ገበያ መሃል አቆሙኝ።

«ይቺ የመድኃኒት ልጅ የክሊኒኩን ውሃ አልጠጣም ብላኛለች፤ ወተቴን ትጠጣ እንደሆነ እዩ!» አሉ ጮክ ብለው። ከዚያ ወተት የሞላ ኩባያ ሰጡኝ። ሁሉም አፍ አፌን ያየኛል። ጭስ ጭስ የሚለውን ወተት እስከ ጭላጩ ጠጣሁና «ይድገሙኝ!» አልኳቸው። ገበያው በሳቅ አውካካ፤ ሴቶቹም ዕቃቸውን ይዘው ተጠጉ።

ከዚያ ወዲህ ስለ መድኃኒትና ስለ ውሃ ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ፣ ብዙም ተናግሬያለሁ። አሁንም አንዳንዴ ብቻዬን ስሆን አስባለሁ፤ ያን ቀን በርሜሉ አጠገብ እንድመሰገን ብዬ የተጣራውን ውሃ ጠጥቼው ቢሆን፣ ወተቱን ስጠጣ ማን ያምነኝ ነበር?