የተፈቀደው ሁለት እግር

ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት እኔ ወደምሠራበት የፍትሕ ቢሮ የመረጃ መስኮት ይመጣሉ። ሰባን የተሻገሩ፣ የሹራባቸው ቁልፍ እስከ አንገት የተቆለፈ፣ ጫማቸው የተወለወለ እናት ናቸው። ተራቸው ሲደርስ፣

"የኔ ልጅ፣ ዕፀ ፋርስን ለመድኃኒት የሚፈቅደው ሕግ ወጣ?" ይሉኛል። የተሰለፈው ሰው ሁሉ ጆሮውን ያቆማል።

"ገና ነው፣ እማማ።"

"በሉ እንጂ ፍጠኑ! ሕመም እኮ ቀጠሮ አይሰጥም።"

የማን ሕመም እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም። አንድ ቀን ግን ከቦርሳቸው የወደቀውን የሐኪም ማዘዣ ሳነሳላቸው የወንድ ስም አየሁበት። "ባለቤቴ ናቸው፤ ጀርባቸው እንቅልፍ ነሥቷቸዋል" አሉኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ገና ሳያቸው ተነሣሁ።

"እንኳን ደስ አለዎት እማማ! በሐኪም ወረቀት፣ ለአንድ ሕመምተኛ፣ በግቢ ውስጥ ሁለት እግር መትከል ተፈቀደ።"

ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ የኔም ሆድ ባባ። መሐረብ አውጥተው ፊታቸውን ጠረጉ፣ ፈጣሪን አመሰገኑ፣ እኔንም መረቁኝ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ፣

"የቀሩትን አሥራ አንዱንስ ምን ላድርጋቸው?" አሉኝ።

ገና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር። እኔ ግን፣ "እማማ፣ ለዛሬ ጨርሰናል" ብዬ መስኮቱን ዘጋሁት።