የእትዬ ብዙነሽ እልልታ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ሰርግ ተደግሶ እትዬ ብዙነሽ ካልተጠሩ፣ ድግሱ ሙሉ አይባልም። ለሀብታቸው አይደለም፤ ከመናኸሪያው ጎን ያለችው ቁርስ ቤታቸው አራት ሰው እንኳን ዘና አድርጋ አታስቀምጥም። ለእልልታቸው ነው። እሳቸው ግን እልልታን በዋዛ አያወጡም። «እልል የሚባለው የሆነ ነገር ሲኖር ነው» ይላሉ፤ ለታቦት፣ ለሙሽራ፣ ለምረቃ፣ ለአራስ። ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሲሰማ ደስታ መኖሩን ያውቃል፤ ሴቶቹም ያሉበት ሆነው ይቀበላሉ። ተቀባይ የሌለው እልልታ ለእሳቸው ባዶ ጩኸት ነው።

ወንዱ ልጃቸው ሚልኪያስ ባጃጅ ነጂ ነው። ያ የማይረባ በዘመድ ሰርግ ላይ የእናቱን እልልታ ቀድቶ የስልኩ ጥሪ አደረገው። እትዬ ብዙነሽ መጀመሪያ ደነገጡ፣ ከዚያ ተቆጡ፣ ሲያቅታቸው ለመኑ።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ መጫወቻ አይደለም። አጥፋው።»

«እሺ እማዬ።»

እሺ ማለት ምን ያደርጋል፣ አያጠፋውም!

ነገሩ እንዲህ ያንገበገባቸው በማህሌት ምክንያት ነው። ታላቅ ልጃቸው ናት፤ ካገባች ስድስት ዓመቷ፣ ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። አሁን ወሯ ገብቶ እናቷ ቤት መጥታለች። እትዬ ብዙነሽ ለዚህ ልጅ የሚሆን እልልታ ጉሮሯቸው ላይ ይዘው ነው የሚውሉት፤ ሳይወለድ ማውጣቱን ግን እንደ ሟርት ይፈሩታል።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ቤት አስገብቶ ሰፈሩ ጭር ባለበት፣ ሚልኪያስ ቻርጅ ላይ ትቶት የወጣው ስልክ ጮኸ። እልልልል! እትዬ ብዙነሽ ከጓሮ ሮጠው እስኪደርሱ ሰፈሩ ሰምቷል፣ ተቀብሏልም። አፍታ ሳይቆይ ጎረቤታቸው ፈይሩዝ ቅቤ በጣሳ፣ ሌሎቹም የገንፎ ዱቄት ይዘው በሩን ሞሉት።

«አልሐምዱሊላህ! እትዬ፣ ወንድ ነው ሴት?» አለች ፈይሩዝ። «ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ነው። እኔ የቆጠርኩት አምስት!»

«ስልክ ነው!» አሉ እትዬ ብዙነሽ በንዴት። «ስልክ ነው የወለደው!»

ማህሌት ጓዳ ሆና ሆዷን እንደያዘች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሴቶቹ ቅቤና ዱቄታቸውን ይዘው ሲመለሱ አንዷ ስትስቅ ተሰማች። የዚያን ቀን ማታ ጥሪው ከስልኩ ጠፋ። ወሬው ግን ከሰፈሩ አልጠፋም።

በሳምንቱ ገና ሳይነጋ ምጡ መጣ። ሚልኪያስ ባጃጁን አስነስቶ ሳይጨርስ ሴት ልጅ እዚያው ቤት ተወለደች። ሮጦ ያመጣት አዋላጅ እናትንም ልጅንም አየቻቸውና «ደህና ናቸው» አለች።

እትዬ ብዙነሽ ደጅ ወጡ። ስንት ዓመት የያዙትን ለቀቁት። እልልልል! አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከዚያ ቆመው አዳመጡ። በር የከፈተ የለም። ከአጥር ወዲያ ብቻ እንቅልፍ የተጫነው የፈይሩዝ ድምፅ መጣ።

«ኧረ አንተ ሚልኪያስ፣ ስልክህን አንሳ! ሰው አይተኛም እንዴ?»

እትዬ ብዙነሽ እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። የሰው ሰርግ፣ የሰው ምረቃ ሲያደምቁ ኖረው ለገዛ የልጅ ልጃቸው ተቀባይ ይጥፋ? «አንተን ነበር...» አሉ ወደ ሚልኪያስ ዞረው፤ መጨረስ አቃታቸው። ልጁ አንገቱን ደፋ። እልህ ይዟቸው ተነሱና እንደገና እልል አሉ፤ ድምፃቸው መሀል ላይ በእንባ ተቆረጠ።

ያኔ ማህሌት ከአልጋዋ ላይ ሆና ተቀበለቻቸው። ቀጭን ነው፣ ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ግን እልልታ ነው። አራሷ ራሷ እልል ስትል በዚያ ሰፈር ተሰምቶ አይታወቅም።

ከአጥሩ ወዲያ አልጋ ተንቋቋ።

«ያ ረቢ!» አለች ፈይሩዝ። «ይሄስ ስልክ አይደለም!»

በሯን በርግዳ፣ ሻሿን እንኳን ሳታስር፣ እልል እያለች ወጣች።