መርፌው ሳይነካኝ ወደቅሁ

ዓይኔን ስገልጥ አፍንጫዬ ሥር ክብሪት ይጨሳል። ጤና ጣቢያው ግቢ መሬት ላይ ተዘርግቻለሁ፤ የኮሮና ክትባት ሰልፉ ተበትኗል።

"ክትባቱ ጣለው!" እያለ ሰው በበሩ ይተራመሳል።

ወገን፣ እኔን እኮ መርፌ አልነካኝም! ተራዬ ገና ነበር።

የሚጥል በሽታ እንዳለብኝ የምታውቁኝ ታውቃላችሁ። በየቀኑ ኪኒን ስለምውጥ ከጣለኝ ዓመታት አልፈዋል። ክትባቱ ይቀሰቅስብኛል ብዬ ግን ሁለቴ ከሰልፍ ሸሽቻለሁ።

ሰሞኑን ግን ልከተብ ቆረጥኩ። እናቴ "ሁለት መድኃኒት ባንድ ሆድ ይጣላል ልጄ፤ ጸበል የገባ ሰው ኪኒን እንደሚያቆመው አንተም ተወው" ብትለኝ፣ ሁለት ቀን ሳልውጥ ዛሬ ሄድኩ። ጎበዝ አይደለሁ?

ነርሷ "የጣለህ ኪኒኑን ማቆምህ ነው። ጀምርና ነገ ተመለስ" አለችኝ።

ወሬው ግን እኔን ቀድሞ ከተማችንን መሐል ሜዳን አዳርሷል። ከኋላዬ የተሰለፉት ጎረቤታችን እትዬ ወርቄም ይኸው በሽታ አለባቸው። እኔን አይተው ሸሹ፤ ስደውል አያነሡም። ኮሮና ቢይዛቸው በማን ይፈረዳል?

እኔም ኪኒኔን ውጬ፣ የነገውን መርፌ እየፈራሁ ይኸው እጽፍላችኋለሁ።

እንደኛ ሆናችሁ የተከተባችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ የሆነውን ጻፉልኝ። ጠዋት ሄጄ ለእትዬ ወርቄ አነብላቸዋለሁ።

ለእሳቸው ብቻ ነው ብል ግን ውሸቴን ነው።