አክስቴ የዕጢያቸውን ምስል ያዩ ዕለት

ዛሬ ወልድያ፣ አክስቴ ዘሀራ ከጡታቸው ተቆርጦ የወጣውን ዕጢ በሐኪማቸው ኮምፒውተር ላይ አዩት።

ማየት አልነበረባቸውም። ቤተሰቡ የመከረው ውጤቱን እኔ ብቻ ሰምቼ «ደህና ነው» እንድላቸው ነበር። መቼም ታውቁናላችሁ፣ እኛ ዘንድ በሽተኛው የሚሰማው ከጎረቤት ሁሉ በኋላ ነው።

በማይክሮስኮፕ በጎላው ምስል ላይ እያንዳንዱ ሴል ቡናማ ቀለበት አጥልቋል። «ቀለሙ የያዘው ሴሎቹ እንዲበዙ የሚያዝዛቸውን ፕሮቲን ነው» አለችኝ ሐኪሟ። «ከልክ በላይ በዝቷል። እንዲህ ሲሆን ካንሰሩ ቶሎ ይዛመታል።»

ዘወር ስል አክስቴ ከኋላዬ ቆመዋል። በሩ ሲከፈት አልሰማሁም።

«እነዚህ ሁሉ እኔ ውስጥ ነበሩ? ምንም ሳያመኝ?»

«የሌላ ሰው ነው እኮ፣ አክስቴ» አልኩ።

«ተይኝ እስቲ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከምስሉ ሳይነቅሉ። «አንቺ ሐኪሟ፣ የቀረ አለ?»

«ሊኖር ይችላል። ግን ይህንኑ ፕሮቲን ለይቶ የሚመታ መድኃኒት አለ፤ ሳይዘገዩ መጀመር አለብዎት።»

አሁን ወደ መርሳ እየተመለስን ነው። «ጻፊው» ያሉኝ ራሳቸው ናቸው። መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ከግድግዳ ማዶ ድምፅ እንደሚሰማ ሰው ያዳምጣሉ።

«ደህና ነው» ብያቸው ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱን ማን ይጀምር ነበር? እናንተስ ቤት፣ ለታመመው ሰው ማን ነው የሚነግረው?