ፔና ወንዝ የወሰደው ግጥም

ሊንጋያ በሕይወቱ ትልቅ ነገር ሠራሁ ብሎ አያውቅም። ሥራው የባለቅኔውን የኮንዳያን ቃል በዘንባባ ቅጠል ላይ በብረት ወስፌ መጫር፣ ጭረቱን በጥላሸትና በዘይት ማሸት፣ ቅጠሎቹን በክር ማሰር ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖረ። ኮንዳያ ንጉሡ ፊት በክብር ይቀመጣል፤ ሊንጋያ ባለቅኔው ቤት በረንዳ ላይ ይቀመጣል። ቅር ብሎት አያውቅም።

ኮንዳያ አራት ዓመት የደከመበትን ባለ ስድስት መቶ ግጥም ታሪክ በጨረሰ ጊዜ፣ ሊንጋያ ቅጠሎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ከፔና ወንዝ ማዶ ወዳለው ቤተ መንግሥት ለመሻገር ታንኳ ላይ ወጣ። መሐል ሲደርሱ ፔና ሳይታሰብ ሞላ፤ ታንኳዋ ተገለበጠች። እሱ የዛፍ ሥር ይዞ ተረፈ። ጥቅሉን ወንዙ ወሰደው። ሌላ ቅጂ አልነበረም።

ልብሱ ሳይደርቅ ሄዶ ኮንዳያ እግር ላይ ተደፋ። ስንት ቃል ሲያዘጋጅ መጥቶ፣ ከአፉ የወጣው ግን "ጌታዬ፣ እኔ ተርፌ ግጥሙ ሄደ" የሚል ብቻ ነበር።

ባለቅኔው ያልተጻፈበት ቅጠል እንዳለው ጠየቀው። አለኝ ሲለው፣ "እንግዲያው ተነሥና ተቀመጥ" አለው።

ኮንዳያ በግቢው ካለው የሮቃ ዛፍ ሥር ዓይኑን ጨፍኖ ግጥሙን በቃሉ ከመጀመሪያው ስንኝ ጀመረ። ሊንጋያ እጁ እስኪደርስበት ብቻ ያስቆመው ነበር እንጂ ሰውየው አንድም ጊዜ አልተደናቀፈም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። የዚህን ሰው ሳል እንኳ ለይቶ የሚያውቀው ሊንጋያ፣ አሁን ቀና ብሎ ሊያየው ፈራ። በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ይህ ሁሉ እንዴት ያድራል?

በአምስተኛው ቀን ኮንዳያ ቆመ። በታሪኩ ውስጥ ያለችው ልጅ ከጉድጓድ ውሃ ቀድታ የምትመለስበት ግጥም ጠፋበት። ሊንጋያ በእጁ ጽፎታል፤ ቃሉ ግን አልመጣለትም። በኋላ እንደ ማፈር ብሎ፣ ሚስቱ ፖላማ ሩዝ ስትወቅጥ ይህንኑ እንደምታዜም ተናገረ። እሱ ሲያነብ ሰምታ ነው የያዘችው።

ባለቅኔው ምርኩዙን አንሥቶ ወደ ሊንጋያ ቤት ተነሣ።

ፖላማ የንጉሡ ባለቅኔ ግቢዋ ሲገባ ስታይ ፊቷን ሸፈነች። ግጥሙን በይ ስትባል አንድ ቃል አልወጣትም።

"እጄ ካልሠራ አፌ አይሠራም" አለች በመጨረሻ።

"እንግዲያው ውቀጪ፣ እህቴ" አለ ኮንዳያ፤ እዚያው ፀሐይ ላይ ቆመ።

ዘነዘናውን አነሣች። ከሦስተኛው ምት በኋላ ዜማው መጣ፦ ደመናው ዱካዋን ሊጠጣ ጎንበስ አለ።

ሊንጋያ ደነገጠ። "አንቺ፣ 'ሊያይ' ነው እንጂ! 'ሊያይ ጎንበስ አለ' ነው ያልኩሽ።"

"ደመና ምን ዓይን አለው?" አለችው፣ ዘነዘናዋን ሳታቆም። "እንስራው እየፈሰሰ ዱካዋ ውሃ ሞልቷል። ይጠጣል እንጂ።"

ሊንጋያ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ኮንዳያ ግን ቃሉን ሁለት ጊዜ ለራሱ ደገመው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። "ሊጠጣ" አለ ቀስ ብሎ። "እኔ አራት ዓመት ፈልጌ አጣሁት። ጻፍ፣ ሊንጋያ።"

የቀረውን በአራት ቀን ጨረሱ። ንጉሡ ሲነበብለት ያን ግጥም ድገሙልኝ አለ፤ ኮንዳያም በሹማምንቱ ሁሉ ፊት ቃሉ የፖላማ መሆኑን፣ ሩዝ ስትወቅጥ ቆሞ እንደ ሰማው ተናገረ። አንዳንዶቹ ሳቁ። ንጉሡ አልሳቀም።

ባለቅኔው ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖረ። አዲስ ግጥም ባለቀ ቁጥር ሊንጋያን ለፖላማ እንዲያነብላት ወደ ቤቱ ይልከዋል፤ እሷ ሰምታ ያላዜመችውን ይፍቀዋል። ኮንዳያ ሲሞት ሊንጋያ ማንም ሳያዘው ሰባት ቅጂ ጽፎ፣ ከፔና ወዲህና ወዲያ ባሉ ሰባት መንደሮች አስቀመጠ። 'ሊጠጣ' የምትለው ቃል ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ወስፌውን አስቀምጦ በፖላማ ዜማ ካዜማት በኋላ ነበር የሚጽፋት።